የኮበሌ ጢም

ከዶሮ ማነቂያ ከፍ ብሎ፣ ደረጃው በተሸረፈ ፎቅ ላይ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ኖርኩ የሰው ደምና ሰገራ ሳይ።
«ያው ታይፎይድ ነው» ይላል፣ ገና ሳይቀመጥ፣ የመጣ፣
ራሱ የከበደው፣ ሆዱ የተነፋ፣ እንቅልፍ ያጣ።
እኔም ጠብታ ከጠብታ አዋህጄ፣
ካርዷን ግራ ቀኝ እያወዛወዝኩ በእጄ፣
ሲረጋ ባየሁ ቁጥር «አንድ ለመቶ ስልሳ» ብዬ ጻፍኩ፤
ስንቱን ላልያዘው በሽታ ሲፕሮ አስታጠቅኩ።
ያ ካርድ የድሮ ቂም እንጂ የዛሬን ጠብ አያውቅም፤
ደም ያለፈውን ያስታውሳል፣ የቆመውን አይጠቁም።

በዚያ ክረምት መንገዱ ሲቆፈር ቱቦ ተሰነጠቀ፤
በፈረቃ የሚመጣው ውሃ ከማን ጋር እንደተዋወቀ
ማንም አልጠየቀም። ጀሪካን ተሰለፈ፣ ተቀዳ።

ሞባይል ጠጋኙ ሙኒር ሳምንት ሲነድ በትኩሳት፣
እናቱ ዳማከሴ ጨምቃ፣ ፋርማሲው የሦስት ቀን ኪኒን ሸጦላት፣
አዲሷ ሐኪም ናት ያለችው፦ «ካርዱን ተወው ጋሽ ውብነህ፤
ደሙን ጠርሙስ ውስጥ ዝራና ጠብቅ። ዛሬ ገበሬ ነህ።»

መጠበቅ አላውቅም ነበር።
በሠላሳ ሰባት ሙቀት፣ እንደ ታቀፈች ዶሮ፣
መብራት ሲጠፋ ጀኔሬተር፣ ጀኔሬተር ሲያስል ሮሮ።
በሁለተኛው ቀን ጠርሙሱ ደፈረሰ እንደ ጠላ፤
ከጠርሙስ ወደ ሣህን፣ ከሣህን ወደ ቱቦ፤ ሌሊት አለፈ፣ ደግሞ ሌላ።
በአራተኛው ጠዋት፣ በቱቦው ሆድ፣ ከቢጫውና ከቀዩ መሐል፣
አንድ ጥቁር ጭረት አየሁ፣ የኮበሌ ጢም የሚያህል።
እሱ ነው። በሃያ ሁለት ዓመቴ ፊቱን ያን ቀን አሳየኝ፤
ስሙን እልፍ ጊዜ ጽፌ፣ መልኩ እንግዳ ሆነብኝ።

በሌላ ሣህን መድኃኒቶቹን እንደ ዳማ ጠጠር ደረደርኩ፤
ሲፕሮ እግር ሥር ድረስ በቀለ፣ ሳይፈራ። እኔው ነኝ ያስለመድኩ።
ሴፍትሪያክሶን ዙሪያ ግን ባዶ ጨረቃ፣ ሰፊ ክብ፤
ሙኒር በመርፌ ዳነ። በዘጠነኛው ቀን ጠየቀ ምግብ።

ሐኪሟ ግን አልበቃትም። «የት በላህ?» «እትዬ ሽታዬ ጋ።»
ሌሎቹንም ሁለት ጠየቀች። እነሱም «እትዬ ሽታዬ ጋ።»

እኔም ምሳዬን ዘጠኝ ዓመት የበላሁት እዚያው ነው፣
በዱቤ፤ ደብተሯ ላይ ስሜ በቀይ እስክሪብቶ ነው።
ሽሮዋ አይታማም፣ እየተንተከተከ ነው የሚቀርበው፤
ሰላጣው እንጂ፣ ቃሪያና ቲማቲሙ፣ በእጇ የከተፈችው።

ናሙና ስጠይቃት ሳቀች፦ «እኔን? አሞኝ የማላውቀውን?
በሃምሳ ስምንት ዓመቴ የምሸከም የከሰል ጆንያውን?»
ተኝቶ ነበር ሐሞቷ ውስጥ፣ ከጠጠሩ ጋር ተጣብቆ፣
ኪራይ እንደማይከፍል ደባል፣ ለዓመታት ተደብቆ።
ባለቤቲቱን አይነካም፤ በእጇ በኩል ይወጣል፣
በጨው፣ በሎሚ፣ በፍቅር ታሽቶ ሰው ሆድ ይገባል።

እንዴት ይነገራል? ካርድ ቢሆን ቁጥር ጽፌ በሰጠኋት።
ደረጃው ላይ ተቀምጠን የኮበሌውን ጢም አሳየኋት።
ዝም አለች። ከዚያ፦ «ስንት ሰው? የሞተ አለ?»
«የለም» አልኩ። የማላውቀው ስንት ዓመት እንዳለ
አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት።

ጉልቻው ቀዘቀዘ። ሐሞቷ ከነጠጠሩ በቀዶ ጥገና ወጣ፤
ዱቤያችንን ያኔ ከፈልን፣ ዘግይቶ ከመጣ
ኀፍረት ጋር። ሙኒር በርሜል በስቶ፣ ቧንቧ ገጥሞ፣ ሳሙና በገመድ አንጠለጠለ፤
«ሳይታጠብ የገባ አይበላም» ብሎ ካርቶን ላይ ጻፈ፣ ሰቀለ።
ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ነው። ቲማቲሙን የምትከትፈው እህቷ ናት።

እሷ ቢላዋ አልነካችም። አንደኛው ናሙና ንጹሕ፤ ሁለተኛውም።
ሦስተኛው ከትናንት ማታ ጀምሮ ሙቀት ውስጥ ነው። አልከፈትኩትም።
መብራት ሄዷል። ጀኔሬተሩ ያስላል። ከታች፣ ከደረጃው ሥር፣
ድምፅዋ ይሰማኛል፣ ስለ ቲማቲም ዋጋ ከዘበኛው ጋር ስትከራከር።